«ያንኪ»፣ «ጆኒ ሬብ»፣ «ኮንትሮባንድ»፦ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቅጽል ስሞች ከየት መጡ?

አንድ ቅዳሜ ከደቡብ ቨርጂኒያ ወደ ቤቴ ስመለስ ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። ሒሳብ የሚቀበሉት ሰውዬ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ጨዋታ የሚወዱ ነጭ አሜሪካዊ ነበሩ። «ከየት ነህ?» አሉኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። «እሱስ ጥሩ፤ አሁን የምትኖረው የት ነው?» «አሌክሳንድሪያ።» ፈገግ አሉና «ያንኪ ነህ በለኛ!» አሉኝ።

መልሴን ተቀብዬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ያደግኩት «ያንኪ» ማለት አሜሪካዊ ማለት ነው እየተባልኩ ነው። ደግሞም አሌክሳንድሪያ ያለችው እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እሳቸውም እኔም የአንድ ስቴት ሰዎች ነን። ታዲያ እንዴት ሆኜ ነው ለእሳቸው ያንኪ የምሆነው?

መልሱ ከ160 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል። እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች የዚያን ዘመን ስሞች ሳናውቀው እንለብሳቸዋለን። ኖርዝ ካሮላይና ኮሌጅ የገባችው ልጅ «ታር ሂል» የሚል ሹራብ ለብሳ ለበዓል ትመጣለች። ካንሳስ ያለው የአጎት ልጅ «ጄይሆክ» የሚል ኮፍያ ያደርጋል። እናቶች «ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁ «የኳስ ቡድን ነው» ይባሉና ነገሩ በዚያው ያልቃል።

እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። በጦርነት ጊዜ ስም የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ጠላት ነው። ስሙ የተወረወረበት ሰው ደግሞ ወይ ያነሳና ይለብሰዋል፣ ወይ መልሶ ይወረውረዋል፣ ወይ «እኔ ይህ አይደለሁም» ይላል። ሦስቱንም በዚህ ጦርነት ውስጥ እናገኛቸዋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ ማን ከማን ጋር ተዋጋ?

በ1860 አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ሊንከን ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ የሚፈልግ ፓርቲ ሰው ነበር። በዚያ ጊዜ በደቡቡ ስቴቶች 4 ሚሊዮን ገደማ ጥቁሮች በባርነት ይኖሩ ነበር። የደቡቡ ሀብት፣ በተለይ ጥጡ፣ በእነሱ ላብ ላይ የቆመ ነው። ሳውዝ ካሮላይና በታኅሣሥ 1860 ከአገሪቱ ተገነጠለች። ሌሎችም ተከተሏት፤ በመጨረሻ 11 ስቴቶች ሆኑ። ራሳቸውን «ኮንፌዴሬሽን» አሉ። በሕብረቱ ጸንቶ የቀረው ወገን «ዩኒየን» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ኮንፌዴሬሽን ሲባል ደቡቡን፣ ዩኒየን ሲባል ሰሜኑን ያስቡ።

ውጊያው ሚያዝያ 1861 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ፎርት ሰምተር በተባለ ምሽግ ተጀመረ። ዋነኛው የደቡብ ጦር ሚያዝያ 1865 ቨርጂኒያ ውስጥ እጁን ሰጠ። በመሃሉ ከ600,000 በላይ ወታደሮች ሞቱ። ከጥይት ይልቅ በበሽታ የሞተው ይበዛል።

ታዲያ «ያንኪ» ማን ነው?

እንደ ቆምክበት ቦታ ይለያያል። ከአሜሪካ ውጭ ከቆምክ አሜሪካዊ ሁሉ ያንኪ ነው። ደቡብ አሜሪካ ሳይሆን የአሜሪካ ደቡብ፣ ማለትም ጆርጂያ ወይም አላባማ ከቆምክ፣ ያንኪ የሰሜን ሰው ነው። ሰሜን ከቆምክ ደግሞ በቦስተን አካባቢ ያሉት የኒው ኢንግላንድ ሰዎች ናቸው። ሽንኩርት እንደመላጥ ነው፤ አንዱን ንጣፍ ስታነሳ ሌላ አለ።

የቃሉ ምንጭ የደች ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው። በ1700ዎቹ የእንግሊዝ መኮንኖች የቅኝ ግዛቱን ሰዎች ለማንጓጠጥ ይጠቀሙበት ነበር። ባላገር፣ ምንም የማያውቅ፣ እንደማለት። የነጻነት ጦርነቱ ሲመጣ የተሰደቡት ሰዎች ስሙን አነሱና የራሳቸው አደረጉት። እየዘፈኑበት ዘመቱ።

ከ80 ዓመት በኋላ አሜሪካኖቹ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ያው ቃል እንደገና ስድብ ሆነ። ደቡቦቹ የሰሜኑን ወታደር «ያንኪ» ሲሉት ገንዘብ አምላኪ፣ በሰው ቤት ገብቶ የሚፈተፍት ማለታቸው ነበር። ብዙዎቹ ከፊቱ «የተረገመ» የሚል ሳይጨምሩ አይጠሩትም።

ወደ እኔ ነገር ልመለስ። የቨርጂኒያ ሕዝብ መገንጠሉን በድምፅ ያጸደቀው ግንቦት 23፣ 1861 ነው። በማግስቱ ገና ሲነጋ የሰሜኑ ጦር የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያን ያዘ። ከተማዋ ጦርነቱ እስኪያልቅ በእጁ ቆየች። በካርታ ቨርጂኒያ፣ በተግባር ግን ያንኪ የሚኖርባት ከተማ። ዛሬም ከዋሽንግተን አጠገብ ያለው የስቴቱ ሰሜን ለሌላው ቨርጂኒያ የተለየ አገር ይመስለዋል። ሽማግሌው ለቀልድ የመዘዙት ክር እንዲህ ረጅም ነው።

«ጆኒ ሬብ» እና «ቢሊ ያንክ» የሚባሉትስ እነማን ናቸው?

እነዚህ የአንድ ሰው ስሞች አይደሉም። «ጆኒ ሬብ» ማንኛውም ተራ የደቡብ ወታደር ነው፤ «ቢሊ ያንክ» ማንኛውም ተራ የሰሜን ወታደር። እኛ ዮሐንስን «ጆኒ» እንደምንለው፣ እነሱም ጆንን ያቆላምጡታል። ቢሊ የዊልያም ማቆላመጫ ነው።

«ሬብ» ግን ከበድ ይላል። «ሬብል» ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ አማጺ ማለት ነው። የሰሜኑ መንግሥት ይህን ስም የመረጠው በምክንያት ነው። ኮንፌዴሬሽንን እንደ አገር አላወቀውም። አገር ካልሆነ ደግሞ ወታደሮቹ የሌላ መንግሥት ሠራዊት አይደሉም፤ በገዛ መንግሥታቸው ላይ ያመጹ ዜጎች ናቸው። መንግሥት ከ1880 እስከ 1901 ድረስ ያሳተመው የጦርነቱ ሰነድ ስብስብ እንኳ ርእሱ ላይ «የአመጹ ጦርነት» ይላል። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በደርግ ዘመን በሬዲዮ «ወንበዴ» ይባል የነበረው ሰው በራሱ ወገን «ታጋይ» ነበር። ሁለቱ ቃላት አንድን ሰው ይጠራሉ፤ የሚሰጡት ፍርድ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ደቡቦቹ ምን አደረጉ? «ሬብል»ን ተቀበሉት። «ጆርጅ ዋሽንግተንም በንጉሥ ላይ ያመጸ ነው» አሉ። ቃሉ ወደ መኩራሪያ ተለወጠ። በውጊያ ላይ ሲሮጡ የሚያሰሙት ጩኸት ራሱ «የሬብል ጩኸት» ተብሎ ታወቀ።

በምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር ግን ስሙን በሌላ ድምፅ ይጠራው ነበር። ታኅሣሥ 1862 ፍሬድሪክስበርግ ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ከሰሜኑ ብቻ ከ12,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። ከዚያ ሁለቱ ጦሮች ራፓሃኖክ በሚባል ወንዝ ግራና ቀኝ ሆነው ክረምቱን አሳለፉ። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ድምፅም ይሰማማሉ።

«ኧረ ጆኒ! ትምባሆ አለህ?»

«ቡና ካለህ አለኝ፣ ያንክ!»

የሰሜኑ መርከቦች የደቡቡን ወደቦች ስለዘጉ ደቡቦቹ ቡና አጥተዋል። አጃ፣ የዛፍ ፍሬ፣ ስኳር ድንች ሳይቀር ቆልተው እንደ ቡና ያፈሉ ነበር። ትምባሆ ግን ሞልቷቸዋል። ሰሜኖቹ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ከጣውላ ትንሽ ጀልባ ይሠሩና ሸራ አድርገውላት በንፋስ ይልኳታል። በአንድ በኩል ትምባሆ፣ በሌላ በኩል ቡናና ጋዜጣ። አዛዦች ከልክለው ነበር፤ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነው። ቡና ለማጣት ያለውን ስቃይ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። በማግስቱ ሊገድሉት የሚችሉትን ሰው በማቆላመጫ እየጠሩ አብረው ቡና ጠጡ ማለት ይቻላል፤ በመሃላቸው ወንዝ ይፈስሳል እንጂ።

አንድ ስም ቅማልም፣ ብርም፣ ወታደርም እንዴት ይሆናል?

የሰሜኑ ወታደር ሰማያዊ ይለብስ ነበርና ደቡቦቹ «ሰማያዊ ሆድ» አሉት። የደቡቡ መደበኛ ልብስ ግራጫ ነው፤ ሰሜኖቹ «ግሬይባክ» አሉት። ግራጫ ጀርባ ማለት ነው። ችግሩ፣ ወታደሮች በልብሳቸው ስፌት ውስጥ እየገባ የሚበላቸውን ቅማልም «ግሬይባክ» ይሉት ነበር። ሁለቱም ግራጫ ናቸው፤ ሁለቱም እንቅልፍ ይነሳሉ። ቆይቶ ደግሞ የኮንፌዴሬሽኑ የወረቀት ገንዘብ ያንኑ ስም ወሰደ። የሰሜኑ ብር ጀርባው አረንጓዴ ስለሆነ «ግሪንባክ» ተብሏል፤ ይህኛው እስከ ዛሬ የዶላር ቅጽል ሆኖ ቀርቷል።

ጦርነቱ እየረዘመ ሲሄድ ደቡቡ ግራጫ ጨርቅ አለቀበት። ሴቶች ቤት ውስጥ የፈተሉትንና የሸመኑትን በዛፍ ልጣጭና በፍሬ ሽፋን እየነከሩ ልብስ አደረጉ። ዛፉ «በተርነት» ይባላል። ቀለሙ ቢጫ የቀላቀለ ቡኒ ነው። ሰሜኖቹም ወዲያው ወታደሮቹን «በተርነት» አሏቸው። ይህ ስም ለእኔ ከሌሎቹ ሁሉ ልብ ይነካል። ሰውየው በድህነቱ ተጠራ። እናቱ ጓሮ ውስጥ የነከረችለት ቀለም መጠሪያው ሆነ።

ከራስ ወገን ውስጥ ለሚጠረጠርስ ስም አልወጣም?

ወጣ እንጂ። እንዲያውም መራራዎቹ ስሞች የወጡት ለእሱ ነው። በሰሜን ውስጥ «ጦርነቱ ይቁም፣ ከደቡብ ጋር እንደራደር» የሚሉ ዴሞክራቶች ነበሩ። የሊንከን ደጋፊዎች «ኮፐርሄድ» አሏቸው። ኮፐርሄድ ጭንቅላቱ መዳብ የሚመስል መርዘኛ እባብ ነው። «ራትልስኔክ» የሚባለው ሌላ የአሜሪካ እባብ ከመንደፉ በፊት ጅራቱን እያንቃጨለ ያስጠነቅቃል። ይኸኛው ዝም ብሎ ነው የሚነድፈው። ስድቡ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የተሰደቡት ምን አደረጉ? ከመዳብ ሳንቲም ላይ ያለውን የነጻነት ምልክት፣ የሴት ራስ፣ እየቆረጡ ደረታቸው ላይ አደረጉት። «አዎ፣ የመዳብ ራስ ነን፤ ራሱ ግን የነጻነት ነው» እንደማለት። ከመሪዎቻቸው አንዱ የኦሃዮው ክሌመንት ቫላንዲገም ነበር። በ1863 ጦሩ በንግግሩ ምክንያት አሰረው። ሊንከን ደግሞ ከእስር ቤት ይልቅ ወደ ደቡቡ ግዛት እንዲባረር አደረገ።

ከምርኮ በኋላ ወገን የለወጡም ነበሩ። 6,000 ገደማ የደቡብ ምርኮኞች ለዩኒየን ቃል ኪዳን ገብተው ሰማያዊ ለበሱ። ከቀድሞ ወንድሞቻቸው ጋር እንዳይፋለሙ አብዛኞቹ ወደ ምዕራቡ ዳር አገር ተላኩ። «ጋልቫናይዝድ ያንኪ» ተባሉ። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ እንዳይዝግ ላዩ በዚንክ ይለበጣል አይደል? እንዲያ ነው። ላዩ ያንኪ፣ ውስጡ ግን ያው የድሮው ብረት ነው ለማለት ነው።

የየስቴቱ ቅጽል ሁሉ ከዚህ ጦርነት የመጣ ነው?

ሁሉም አይደለም። የኦሃዮው «በካይ» ከዛፍ ፍሬ የመጣ ነው፤ ከጦርነቱ 20 ዓመት በፊት ሳይቀር የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ነበረ። የቴነሲው «በጎ ፈቃደኞች»ም ከዚያ በፊት ከተደረጉ ጦርነቶች የመጣ ነው። ጦርነቱ ያደረገው ትልቅ ነገር የየአገሩን ልጅ በአንድ ሰፈር ማገናኘቱ ነው። ከቤቱ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ የማያውቅ ገበሬ በድንገት ከጆርጂያ፣ ከቴክሳስ፣ ከአላባማ ሰው ጋር ድንኳን ተጋራ። እንዲህ ሲሆን መተራረብ አይቀርም። በየወታደር ካምፑ የአገር ልጅ ለሌላው አገር ልጅ ስም ያወጣል፤ እኛም አገር የብሔራዊ ውትድርና ትዝታ ያላቸውን አጎቶች ብትጠይቁ ያወሩላችኋል።

«ታር ሂል»ን እንይ። ቃል በቃል «ሬንጃም ተረከዝ» ነው። ኖርዝ ካሮላይና የጥድ ጫካ አገር ነው። ከጥዱ እንጨት ለመርከብ መድፈኛ የሚሆን ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ሬንጅ ያወጡ ነበር። ሥራው የድሃና የባሪያ ሥራ ነው። በባዶ እግሩ የሚሠራ ሰው ተረከዙ ላይ የተጣበቀው በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ «ሬንጃም ተረከዝ» መባል ንቀት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የተወለደ ተረት አለ። ሌሎች ወታደሮች በውጊያ መሃል ሸሽተው፣ የኖርዝ ካሮላይናዎቹ ብቻቸውን ቆሙ ይባላል። በኋላ የሸሹት መጥተው «ሬንጅ ተረፋችሁ ወይ?» ብለው ሲያላግጡ «አልተረፈም፤ የደቡቡ ፕሬዚዳንት ሁሉንም ገዝቶ ለእናንተ ተረከዝ ሊቀባላችሁ ነው፤ በሚቀጥለው ውጊያ እንድትጣበቁ» አሏቸው። ታሪኩ በየአፉ ይለያያል፤ ከዚያ ወዲህ ግን «ታር ሂል» ንቀት መሆኑ ቀርቶ የማይሸሽ ሰው ማለት ሆነ። ልጅቷ የለበሰችው ሹራብ ትርጉሙ ይሄ ነው።

የአላባማ ሰዎች «የለውሃመር» ናቸው፤ ክንፉ ሥር ቢጫ የሆነ ግንደ ቆርቁር ወፍ ስም ነው። አዲስ ልብሳቸው ላይ ቢጫ ጨርቅ የሰፉ ፈረሰኞች ሲመጡ ያየ ሰው ወፏን ጠራ፤ ስሙም በሁሉም የአላባማ ወታደር ላይ ቀረ። ጆርጂያዎቹ «ለውዝ ቆፋሪ» ተባሉ፤ ለውዝ የሚመግባቸው ጊዜ ብዙ ነበርና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ለውዝን ለመጥራት የተጠቀሙበት «ጉበር» የሚለው ቃል ከመካከለኛው አፍሪካ ቋንቋዎች የመጣ ነው። በባርነት የመጡ ሰዎች ይዘውት የመጡት ቃል ነው። ባርነት እንዲቀጥል የሚዋጋ ወታደር፣ የተጠራበት ቅጽል አፍሪካዊ ነበር።

«ጄይሆክ» ከእነዚህ ሁሉ ደም የበዛበት ነው። በካንሳስና በሚዙሪ ድንበር ጦርነቱ ከ1861 በፊት ነው የጀመረው። አዲሲቱ ካንሳስ ባሪያ ያላት ትሁን ወይስ ነጻ በሚለው ነገር ሰዎች ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይገዳደሉ ነበር። የካንሳሶቹ ታጣቂዎች «ጄይሆከር» ተባሉ። ለደቡብ ያደሩት የሚዙሪ ሽምቅ ተዋጊዎች «ቡሽዋከር» ተባሉ፤ ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ የሚመታ ማለት ነው። ለሚዙሪ ገበሬ ጄይሆከር ማለት ቤት የሚያቃጥልና ከብት የሚነዳ ሌባ ነው። ለካንሳስ ሰው የነጻነት ተዋጊ ነው። ነሐሴ 1863 ቡሽዋከሮች ሎረንስ የምትባለውን የካንሳስ ከተማ በማለዳ ወረሩ። ወደ 150 የሚጠጉ ወንዶችና ልጆችን ገደሉ፤ ብዙውን ቤት አቃጠሉ። ዛሬ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያችው ሎረንስ ነው፤ ተማሪዎቹም «ጄይሆክ» ናቸው። ኮፍያው ላይ የምትታየው ቢጫ ጫማ ያደረገች ደስተኛ ወፍ ነች።

አንድ ውጊያ ስለምን ሁለት ስም አለው?

ማናሳስ የሚባለውን ከተማ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ቤት የገዙ ወገኖችም አሉን። እዚያ ሐምሌ 1861 የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ ተደረገ። ደቡቦቹ «የማናሳስ ውጊያ» ይላሉ፤ ሰሜኖቹ «ቡል ረን» ይላሉ። ቡል ረን እዚያ የሚፈስስ ወንዝ ነው። ሰሜኖቹ ብዙ ጊዜ ውጊያን በአቅራቢያው ባለ ወንዝ ይጠሩ ነበር፤ ደቡቦቹ ደግሞ በከተማው። ስለዚህ አንቲተም እና ሻርፕስበርግ ሲባል ሁለት ውጊያ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ነው።

ለጦር አዛዦችም ስም ወጥቶላቸዋል። እኛ የፈረስ ስም እንደምንለው ነው፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ። ልዩነቱ የእነሱን ያወጣው ተራው ወታደር መሆኑ ነው። የደቡቡ ጄኔራል ሮበርት ሊ በ1862 ወታደሮቹን ምሽግ አስቆፍሮ ስላሰለቻቸው «የአካፋ ንጉሥ» ተባለ። ካርታ ለሚጫወት ሰው ቀልዱ ይገባዋል፤ በእንግሊዝኛ አካፋና ካርታው ላይ ያለው ጥቁር ምልክት አንድ ቃል ናቸው። ሊ ራሱ ለጠላቱ ስም ላለማውጣት ይጠነቀቅ ነበር። «እነዚያ ሰዎች» ነበር የሚለው።

ሰው እንዴት «ኮንትሮባንድ» ይባላል?

እስካሁን ያየናቸው ስሞች ነጭ ለነጭ ያወጣቸው ናቸው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ «ጆኒ» እና «ቢሊ» እየተጠራሩ መታረቅ ቀለላቸው። በ1913 ጌቲስበርግ ላይ ከ50,000 በላይ የሁለቱም ወገን አዛውንት ወታደሮች ተገናኝተው በድሮው የድንጋይ አጥር ላይ ተጨባበጡ። የሚያምር ትዕይንት ነው። ግን የወንድማማቾች ጠብ ብቻ እንዲመስል ያደርጋል። ጦርነቱ የተነሳባቸው 4 ሚሊዮን ሰዎች በዚያ ጨዋታ ውስጥ ስም የላቸውም። ለእነሱ የወጣላቸው ስም ሌላ ነበር፤ እኛም በደንብ የምናውቀው ቃል ነው።

ግንቦት 23፣ 1861 ሌሊት፣ ያ የቨርጂኒያ ሕዝብ መገንጠሉን ያጸደቀበት ቀን፣ ሦስት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ቀዝፈው በሰሜኑ እጅ ወደነበረው ፎርት መንሮ ምሽግ ገቡ። ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪ እና ጄምስ ታውንሰንድ ይባላሉ። ባሪያ አድርጎ የያዛቸው የኮንፌዴሬሽኑ ኮሎኔል ነው። የመድፍ ምሽግ እየሠሩለት ነበር። በማግስቱ አንድ የደቡብ መኮንን ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣና «መልሱልን፤ የአገሪቱ ሕግ የሸሸ ባሪያ ይመለስ ይላል» አለ።

የምሽጉ አዛዥ ቤንጃሚን በትለር ከጦርነቱ በፊት ጠበቃ ነበር። መልሱ የጠበቃ መልስ ሆነ። እናንተ ተገንጥለን ሌላ አገር ሆነናል ትላላችሁ፤ ስለዚህ የእኛ ሕግ ለእናንተ አይሠራም። ደግሞም እነዚህ ሰዎች ንብረቶቻችን ናቸው ትላላችሁ፤ ንብረታችሁን በእኔ ላይ ምሽግ እያሠራችሁበት ነው። የጠላት የጦር ንብረት ደግሞ ይወረሳል። ኮንትሮባንድ ነው። ሰዎቹን አልመለሰም።

ዘዴው ሠራ። ወሬው በየእርሻው ተሰማ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶዎች፣ ቆይቶም ሺዎች ወደ ሰሜኑ ጦር ሸሹ። ነሐሴ ላይ ኮንግረሱም በሕግ አጸናው። ከዚያ ወዲህ ከባርነት ሸሽቶ ወደ ዩኒየን የገባ ሰው ሁሉ በየጋዜጣው «ኮንትሮባንድ» ተባለ። ቃሉ ሕይወት አድኗል። ያዳነው ግን ሰዎቹን ዕቃ አድርጎ ነው። ጉምሩክ እንደያዘው ጨርቅና ሲጋራ።

አሌክሳንድሪያም በእነዚህ ሰዎች ተሞላች። በፈንጣጣና በሌላ በሽታ ብዙዎች አለቁ። በ1864 ከከተማው ደቡብ ጫፍ መቃብር ተከፈተላቸው። እስከ 1869 ድረስ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎች ተቀበሩበት፤ ብዙዎቹ ሕጻናት ናቸው።

በዚያው ጊዜ ጥቁሮች በዩኒየን ሠራዊት ውስጥ እየተዋጉ ነበር፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ 180,000 ገደማ ሆነዋል። በአሌክሳንድሪያ ለጥቁር ወታደሮች የተለየ ሆስፒታል ነበር፤ በሄይቲው ነጻ አውጪ ስም «ሉቨርቸር» ይባላል። እዚያ የሚሞተው ወታደር ግን ከነጭ ጓዶቹ ጋር አይቀበርም። ወደ ኮንትሮባንዶቹ መቃብር ይወሰድ ነበር።

ታኅሣሥ 1864 የሆስፒታሉ ሕመምተኞች አቤቱታ ጻፉ። ቁስለኞች ናቸው፤ አንዳንዱ ከአልጋው መነሳት አይችልም። 443 ሰዎች ስማቸውን አሰፈሩ። የጠየቁት ደመወዝ ወይም ምግብ አልነበረም። ከሞትን በኋላ ከወታደር ጓዶቻችን ጋር ቅበሩን ነው ያሉት። እኛ ኮንትሮባንድ አይደለንም፤ የአሜሪካ ሠራዊት ወታደሮች ነን፤ የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ አለ።

ተሰማላቸው። ጥር 1865 ከ100 በላይ የጥቁር ወታደሮች አስከሬን ከዚያ ወጥቶ ወደ ወታደሮቹ መቃብር ተዛወረ። ዛሬ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ በነጩ የድንጋይ ረድፍ ውስጥ ናቸው።

የቀሩት ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ቦታው ተረሳ። በ1955 ላዩ ላይ የነዳጅ ማደያ ተሠራበት፤ ቆይቶም የቢሮ ሕንፃ። ሰዎች ለአሥርት ዓመታት እዚያ ቆመው መኪናቸውን ሞሉ። መቃብሩ ባለበት በአሌክሳንድሪያው ዋሽንግተን ጎዳና ትንሽ ወደ ሰሜን ብትሄዱ ከ1889 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽን ወታደር ሐውልት ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ቆሞ ነበር። የተነሳው በ2020 ነው። የመቃብሩ ቦታ ደግሞ በታሪክ አጥኚዎችና በነዋሪዎች ጥረት ተገኝቶ፣ ማደያው ፈርሶ፣ በ2014 መታሰቢያ ሆኖ ተመረቀ።

ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ቤልትዌዩ፣ ማለትም ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ አጠገብ ስለሆነ የመኪናው ድምፅ አያርፍም። ነሐስ ላይ ስሞች ተጽፈዋል፤ ከየስሙ ጎን ዕድሜ። ሁለት ዓመት። ስድስት ወር። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጄን ይዤ ሄድኩ። በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ በየራሳቸው ስም።